ለክቡር «እንደዋወላለን» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር «እንደዋወላለን»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደውለው ስለማያውቁ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልስ አልጠብቅም። ጠብቄ አይቼዋለሁ።

የተዋወቅነው ቦሌ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። ስልጠናው ወጣቶችን ኔትወርኪንግ ማስተማር ነበር። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ባጅ ስሜን አንድ ፊደል አጉድሎታል። አሰልጣኙ «ሊፍት ውስጥ ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ጋር ብትገናኙ፣ በ30 ሰከንድ ራሳችሁን አስተዋውቁ» አለን። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። መብራት ስለሚጠፋ አርባ ደቂቃ አላጣም ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ቢሆንም የ30 ሰከንዷን ሸመደድኳት።

ሻይ ቡና ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ሳምቡሳው ጎረፈ። እኔ እንደተማርኩት ሳምቡሳውን ትቼ ወደ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ ሄድኩ። ስለ ፒችትሪ፣ ስለዚያ የሂሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ አወራን። የምር ጥሩ ጨዋታ ነበር። ሲሄዱ ካርዳቸውን ሰጡኝ፣ ቁጥሬን መዘገቡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እርስዎን ጠሩ፦ «እንደዋወላለን!»

እኔ የዋሁ! ያን ሳምንት ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ ገባሁ። እናቴ «ፍቅር ያዘህ እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ። ስልኬ የጮኸው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር፣ ሌላው የእናቴ ዕቁብ ሰብሳቢ።

በኋላ ሳስበው ተንኮልዎ ሰዋስው ላይ ነው። «እደውልልሃለሁ» ቢባል ደዋዩ ይታወቃል። «ደውልልኝ» ቢባልም ይታወቃል። እርስዎ ግን ሁለታችንንም ደዋይ ያደርጉና ሁለታችንንም ነጻ ያወጣሉ። እኔ የእሳቸውን እጠብቃለሁ። እሳቸው የእኔን ይጠብቃሉ፣ ወይም (እውነቱን እናውራ) ማን እንደነበርኩ ረስተዋል። ማንም ግን አልዋሸም! እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሸት ከየት ይገኛል?

የሚገርመው፣ እኛ በኔትወርክ የምንታማ ሰዎች አይደለንም። የስልኩን ይተዉት። ዕድራችንን ይመልከቱ። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ገንዘቡ በደረሰኝ ነው። ዕቁብ ደግሞ ዋስ ካልጠሩ ዕጣ ቢወጣልዎትም ብሩን አያስነካዎትም። እርስዎ ከዚያ ቤት አንድ ወር አይቆዩም ነበር። «ለቀብሩ እንደዋወላለን» ብሎ የቀረ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? ሥራ ፈላጊ ወጣት ላይ ግን እንደልብዎ ነው። መዝገብ የለ፣ ቅጣት የለ።

ጉዳትዎንም በዋዛ አይዩት። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ጥናት አለ። በትውውቅ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠየቀ። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከ100 ወደ 17ቱ ብቻ ሆኑ። ሌሎቹን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው። እውነቱን ነው። የቅርብ ጓደኛዬ የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ያችኑ አንድ የ«0 ዓመት ልምድ» ማስታወቂያ በቴሌግራም አምስት ጊዜ ስንላላክ ነው የምንውለው። እንጀራዬ ያለው እንግዲህ ከሩቁ ሰው ዘንድ ነው። እርስዎ ደግሞ ልክ እዚያ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

በ12ኛው ቀን ሰለቸኝና ራሴ ጻፍኩ። «ሻይ ሰዓት ላይ ስለ ፒችትሪ ያወራነው ልጅ ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ለጀማሪ አካውንታንት ፈተና ምን ይወጣል?» አልኩ። «ሥራ ካለ» የምትለዋን አላስገባሁም። ሰውየው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሱ። «ባንክ ሪኮንሲሊየሽን በደንብ ሥራ» አሉ፤ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር ማለት ነው። ሥራ አልሰጡኝም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ስፈተን ያው ባንክ ሪኮንሲሊየሽን ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አለፍኩ። እሳቸውን ለማመስገን ስደውል ከእኔ በላይ ደስ አላቸው። ለካ እሳቸውም እርስዎን የጠሩት ለክፋት አልነበረም፤ አፋቸው ለምዶ ነው።

ይህን እንዴት አወቅኩ? ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተመራቂ ተማሪ መጥታ «ጋሼ፣ ስልክዎን ይሰጡኛል?» አለችኝ። ጋሼ! ገና 26 ዓመቴ ነው። በድንጋጤ ይሁን በምን፣ ቁጥር ተለዋውጠን ስንለያይ ከአፌ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? እርስዎ! ፈገግታዎ ሳይቀር ፊቴ ላይ ነበር። ልጅቷ «እሺ» ብላ ሄደች። ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ስልክ ይዞ ሽንት ቤት የሚያስገባ «እሺ» ነው።

በሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባት። «ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ እደውልልሻለሁ» አልኳት። የእኔን ሩጫ አይታ ትንሽ ደንግጣለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ለአሥራ አንድ ተኩል አምስት ደቂቃ ስለቀረው ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ሲቪህን ላክልኝ»
ለ«እስኪ እናያለን»
ለ«አንድ ቀን ቡና እንጠጣ»
ባሉበት