ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ፍቺ አይደለም

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሀበሾች ትዳር ሲናጋ መጀመሪያ የምንጠራው ሽማግሌ ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ችግሩ የሚመጣው እርቁ እምቢ ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ እቃውን ያካፍላሉ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ ያስማማሉ፣ አንድ ወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ከዛ ሰፈሩ ሁሉ "ተፋቱ" ይላል። አልተፋቱም! ዳኛ ካልፈረመበት እዚህ ሀገር አሁንም ባልና ሚስት ናቸው።

አንድ ወዳጄ እንደዛ ተለያይቶ ከአመታት በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ አገባ፣ ሚስቱን ለማምጣት ሲያመለክት የመጀመሪያው ትዳር የፈረሰበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ ተባለ፣ ከየት ያምጣው? የመጀመሪያው ስላልፈረሰ ሁለተኛውም እንደ ጋብቻ አልተቆጠረለትም።

የባሰው ደግሞ ያ ወረቀት አያፋታም እንጂ ሊያስር ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ባልና ሚስት ተስማምተው የፈረሙበት የንብረት ስምምነት እንደ ውል ሊጸና ይችላል፣ ስለዚህ ዓይኑን ላለማየት ስትል ቤቱን "ይውሰደው" ብላ የፈረመች ሴት በኋላ ኮርት ሄዳ ላይመለስላት ይችላል።

ህጉ ደሞ በየስቴቱ ይለያያል፣ የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ይቀየራል። ቨርጂኒያ ያለ ጥፋት ለመፋታት አንድ አመት ተለያይቶ መኖር ይጠይቃል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና የጽሁፍ ስምምነት ካለ ግን 6 ወር ይበቃል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2023 ጀምሮ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ጥሎታል፣ 6 ወር መለያየት (አንድ ጣሪያ ስር ሆነው ኑሯቸው ከተለያየም ይቆጠራል)፣ የማይታረቅ አለመግባባት ወይም የጋራ ስምምነት ይበቃል። ዲሲ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የመለያየት ጊዜ የሚባለውን አንስቷል፣ አንዱ ትዳሩን አልፈልግም ካለ በቂ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ግን እዛ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ሽማግሌዎች እባካችሁ ይሄን አስተውሉ፦ አስር ወር ተለያይተው የቆዩ ሰዎችን "እስቲ ለፋሲካ አብራችሁ ሁኑ" ብላችሁ መልሳችሁ እንደ ባልና ሚስት መኖር ከጀመሩና ካልሆነላቸው፣ አመቱ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል።

ሌላው ባሎች "እኔ ካልፈረምኩ የትም አትደርስም" የሚሉት ነገር ነው። ትደርሳለች። ፋይል ስታደርግ ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ ይደርስሃል (ራሷ ልትሰጥህ አትችልም)፣ ቨርጂኒያና ዲሲ መልስ ለመስጠት 21 ቀን አለህ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከደረሰህ 30 ቀን፣ ዝም ካልክ ጉዳዩ አንተ በሌለህበት ይቀጥላል። ለፋይሉ መክፈል የማይችል ሰው ክፍያው እንዲነሳለት ኮርቱን መጠየቅ ይችላል፣ ለችሎት የአማርኛ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል፣ እባካችሁ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

በትዳሯ ያገኘችውን የሁለት አመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ይዛ "ከፈታኸኝ እባረራለሁ" ብላ ዱላ የምትችል እህት አለች። ትዳሩ የእውነት እንደነበር ማስረጃ ካላት፣ ፍቺው ሲያልቅ ግሪን ካርዱ ቋሚ እንዲሆንላት ያለ ባሏ ፊርማ ራሷ ማመልከት ትችላለች፣ ዱላ ካለ ደግሞ ፍቺው እስኪያልቅ መጠበቅም የለባትም። ሽምግልና ስንቀመጥ ይሄን የሚነግራት ሰው ከመሀላችን መኖር አለበት። ወረቀቱንም ሁለቱም ለየብቻ ሎየር ሳያሳዩት አናስፈርማቸው።