የኮንጎ አባልነት፦ ጠቀማት ወይስ ጎዳት?

የክርክሩ ጭብጥ፦ «ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ በ2022 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል መሆኗ የውጭ ፖሊሲ ስሕተት ነበር።» የአንኮበሩ ተከራካሪ ጭብጡን ይደግፋሉ፤ የደብረ ብርሃኑ ይቃወማሉ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአንኮበር

ኪንሻሳ፣ ማለትም የኮንጎ መንግሥት፣ ወደ ማኅበረሰቡ የገባችው ከሁሉ በላይ ኤም 23 የተባለው አማፂ ቡድን በምሥራቅ ኮንጎ ባለው በሰሜን ኪቩ ክፍለ ሀገር እንደገና ባንሠራራበት ወቅት ጦር የሚያዘምትላት ወዳጅ ፍለጋ ነው። ነገር ግን አማፂውን ታስታጥቃለች ብላ የምትከሳት ሩዋንዳ ከ2007 ጀምሮ የዚያው ማኅበረሰብ አባል ናት። የመሪዎቹ ጉባኤ የሚወስነው በሙሉ ስምምነት በመሆኑ፣ ኮንጎ የገባችው ባላጋራዋ ከዳኞቹ ጋር ወደተቀመጠበት ችሎት ነው።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በኖቬምበር 2022 የኬንያ ወታደሮች በማኅበረሰቡ ጦር ስም የሰሜን ኪቩ ዋና ከተማ ወደሆነችው ጎማ ሲገቡ ኪንሻሳ አማፂውን ይወጉልኛል ብላ ጠበቀች፤ ጦሩ ግን ሥራውን በተፋላሚዎች መካከል መቆምና አማፂው የለቀቀውን ቦታ መረከብ አድርጎ ተረዳው። ኬንያዊው አዛዥ በኤፕሪል 2023 ኃላፊነታቸውን ትተው ሄዱ፤ በዲሴምበርም ኪንሻሳ የቆይታውን ጊዜ አላድስም በማለቷ ጦሩ ወጣ።

ከደብረ ብርሃን

ጋሼ የዘረዘሩት ሁሉ ሆኗል፤ ድምዳሜዎ ግን ከዚያ አይወጣም። ኪንሻሳ ወደ ባሕር የምትወጣው በማታዲ ወደብ በኩል ወደ አትላንቲክ ሲሆን፣ የምሥራቆቹ ከተሞች ጎማ፣ ቡኒያና ቡቴምቦ ግን ከውጭ የሚመጣ ዕቃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከሞምባሳና ከዳሬሰላም ነው። የኬንያ ባንኮችም የኮንጎን ባንኮች እየገዙ መግባት የጀመሩት ከአባልነቱ በፊት ነው። ስለዚህ አባልነቱ ነጋዴው ቀድሞ ለሄደበት መንገድ ሕግ አበጀለት እንጂ አዲስ አቅጣጫ አልፈጠረም።

ችሎት ካነሡ ዘንድ፣ ኮንጎ ሩዋንዳን አሩሻ በሚገኘው የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት መክሰስ የቻለችው አባል በመሆኗ ነው።

ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኪንሻሳ የምሥራቁን ጦር ካሰናበተች በኋላ ከ1997 ጀምሮ አባል ወደሆነችበት ወደ ደቡብ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ዞረች፤ የደቡብ አፍሪካ፣ የታንዛኒያና የማላዊ ወታደሮችም መጡላት። ሆኖም እነርሱ እዚያው እያሉ ጎማ በጃንዋሪ 2025 ወደቀች፤ ያም ተልእኮ በማርች እንዲያበቃ ተወሰነ። በእርስዎ ሚዛን ከተለካ ይህኛው አባልነትም ስሕተት ሊባል ነው። እኔ ግን ያልተሳካው የራስን ሠራዊት ሳያደራጁ ጎረቤትን አዝምቶ ለማሸነፍ መሞከሩ ነው እላለሁ፤ ይህ ደግሞ የትኛውም ማኅበር በር ላይ ቢሞከር አይሠራም።

ከአንኮበር

ወንድሜ፣ ክርክሬን አገዙልኝ። ማኅበሩ ጦርነቱን ካላስቆመ የገባችበት ዋና ምክንያት ቀረ ማለት ነው። በጁን 2025 የሩዋንዳና የኮንጎ ሚኒስትሮች የተፈራረሙት ዋሽንግተን ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለቱን ፕሬዚዳንቶች ያገናኘችው ዶሃ ናት።

የእኛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዞች፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዮች ጋር የወዳጅነት ውል አድርገዋል። ከሁለቱም ወገን ስጦታ ተቀበሉ፤ ለአንዳቸውም ግን በሸዋ ጉዳይ ድምፅ አልሰጡም። ኮንጎም ከኬንያም ሆነ ከታንዛኒያ ጋር ለየብቻ ብትዋዋል ንግዷ ሳይነካ እጇ ነጻ ይሆን ነበር።

ከደብረ ብርሃን

ንጉሡ የተዋዋሉት ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ነው። ለንደንና ፓሪስ ከሸዋ ጋር ድንበር አይጋሩም፤ ስደተኛው፣ ማዕድኑና መሣሪያው በየቀኑ የሚሻገርበት የኪቩ ድንበር ግን በተናጠል ውል አይያዝም። በፌብሩዋሪ 2025 ዳሬሰላም ላይ የሁለቱ ማኅበረሰቦች መሪዎች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የናይሮቢው (የኮንጎ መንግሥትና የታጣቂዎች) እና የሉዋንዳው (የኮንጎና የሩዋንዳ) ድርድር እንዲዋሐድ የወሰኑት ኮንጎ የሁለቱም አባል በመሆኗ ጭምር ነው፤ ዋሽንግተን ለዚህ ምትክ አይደለችም።

ስለ ሙሉ ስምምነት አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ በወደቀች ሰሞን፣ ጃንዋሪ 29 ቀን፣ የኬንያው ፕሬዚዳንት ሩቶ በጠሩት የማኅበረሰቡ አስቸኳይ ጉባኤ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ሲገኙ የኮንጎው ፕሬዚዳንት ቺሴኬዲ አልተገኙም። ሙሉ ስምምነት ለኪጋሊ፣ ማለትም ለሩዋንዳ መንግሥት፣ የሚሰጠው ውሳኔ የማገድ ሥልጣን ለኪንሻሳም የተሰጠ ነው፤ ያን ዕለት ግን የሚጠቀምበት ፕሬዚዳንት ከጉባኤው አልነበረም።