ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡት

የመጽሐፍ ምርቃት ላይ የሚቀርብ ዳሰሳ አጀማመሩ ይታወቃል። አቅራቢው ከደራሲው ጋር መቼ እንደተዋወቁ ይነግረናል። ከዚያ ደራሲው ምን ያህል ትሑት እንደሆነ፣ መጽሐፉን ለማሳተም ምን ያህል ፍዳ እንዳየ ይተርካል። ገጸ ባሕርያቱ «ሕያው» ናቸው፣ ቋንቋው «ውብ» ነው፣ ታሪኩ «ልብ አንጠልጣይ» ነው። አንድ አንቀጽ ተነቦ፣ እዚህ ጋ ደራሲው ምን አደረገ ተብሎ ሳይጠየቅ ይጨበጨባል። ሠርግ ላይ ሙሽራን ማማት ነውር እንደሆነ ሁሉ እዚያም እንከን ማንሳት ነውር ሆኗል።

ይሄ የአቅራቢዎቹ ስንፍና አይመስለኝም። ሰፈሩ ጠቦ ነው። ደራሲው፣ ሃያሲው፣ አሳታሚው፣ የሬዲዮ አዘጋጁ ሁሉም ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል ይገናኛሉ። ዛሬ የነቀፍከው ሰው ነገ ያንተን መጽሐፍ ሊዳስስ ይችላል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ እውነተኛው አስተያየት ከአዳራሹ ውጭ፣ ማኪያቶ ላይ፣ በሹክሹክታ ይነገራል። ለደራሲው ግን አይደርሰውም። ሁለተኛው መጽሐፉም የመጀመሪያውን ስህተት ይዞ ይወጣል።

እኔ ተስፋዬን የጣልኩት በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ። ስማቸው ሲነሳ የሚወራው የጎደላቸው ነገር ነው፤ እውነትም ጎድሏቸዋል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር የሚደረግ ውይይት ላይ መገኘት ቀኑን ይበላል፤ ሲመሽ ደግሞ የታክሲ ሰልፉ አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ሲከፈት ደስ ብሎኛል፤ ግን እሱም አራት ኪሎ ነው። ይሁንና ርቀቱ አንድ ነገር ሰጥቶናል። እዚህ ደራሲውን በአካል የሚያውቀው የለም። ስለዚህ የምናወራው እጃችን ላይ ስላለው መጽሐፍ ነው።

እኔ በምኖርበት ቱሉ ዲምቱ፣ አንድ ብሎክ ሥር ባለች ጀበና ቡና ቤት እሁድ እሁድ የምንሰበሰብ ሰዎች አለን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ አለ። አንድ እሁድ ሁሉም የሚያውቀውን የሕዝብ ግጥም ይዘን ተቀመጥን፦

ዓባይን ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፤
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያ ድረስ።

«ይሄማ የፍቅር ነው» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ። «ፍቅረኛው ማዶ ቀርታበት ነው።»

«የቱ ጋ ነው ፍቅረኛ የሚለው?» አለችው ነርሷ።

ልጁ ደግሞ አነበበው። የለም። መምህሩ ጎጃም ነው ያደጉት። «ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል» አሉ። «በታኅሣሥ ግን እህል አውድማ ላይ ነው። ሰውየው ርቦት ቢሆንስ?» ልጁ እጅ አልሰጠም። «ጋሼ፣ ከራበውማ ወንዙን ምን አስለመነው? መኸሩን ነበር ቶሎ ድረስ የሚለው» አለ። መምህሩ ሳቁ፤ «እሱስ ልክ ነህ» አሉ። እኔ ደግሞ ወንዙ መልስ የመስጠቱ ነገር ገረመኝ። ምክንያት አይደረድርም፣ አያባብልም፤ የወር ስም ብቻ ይጠራል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ተናጋሪው ከወንዙ ጋር ማውራቱን ትቷል። ጥያቄው ወደ እኛ ዞሯል።

መጨረሻ ላይ አብዛኞቻችን ወደ ልጁ ሐሳብ ተመለስን። ነገር ግን አሁን ማስረጃ አለው። ወንዙ ይጉደል ከተባለ የሚፈለገው ነገር ያለው ማዶ ነው። ያ ነገር ደግሞ ስሙ አልተጠራም፤ ግጥሙ ሆድ የሚያባባውም ባለመጠራቱ ነው። የምፈልገው ሂስ ይሄ ነው። ሰው የተሰማውን ይናገራል፣ «የቱ ጋ?» ይባላል፣ ስንኙ ላይ ጣቱን ያሳርፋል።

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ይህንኑ ነገር በሰፊው ሞክሮታል። 13 ግጥሞችን የገጣሚውን ስምና ዘመን ሰውሮ ለተማሪዎቹ ሰጠ፤ የመሰላችሁን ጻፉ አላቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 አሳተመው። ታላላቅ የሚባሉ ገጣሚዎች ተነቀፉ፣ ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው ተወደሱ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ያነበቡት ከፊታቸው ያለውን ግጥም ሳይሆን ራሳቸው ይዘውት የመጡትን ስሜት ነበር። እነዚህ በእንግሊዝ አገር የተሻለ ትምህርት ያገኙ ወጣቶች ናቸው። እንግዲህ ይሄ ችግር የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ነገሩም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ቤቱ ጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም ብለው እዚያው ያርሙታል። ሲሳካለት «ይበል!» ይባላል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረ ልጅ ስምንት ቤት መወድስ ላይ የሚደርሰው በየቀኑ እየታረመ ነው። እርማቱ የሚነካው ቅኔውን ነው፤ የልጁን ክብር አይነካም። ይህን ያህል ያረጀ የሂስ ልማድ ያለው ሕዝብ ምርቃት ላይ ሲሆን ለምን አፉን እንደሚይዝ አይገባኝም።

«ደራሲውን ሳናውቅ ድርሰቱን እንዴት እናውቃለን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓሉ ግርማን እንውሰድ። ልብ ወለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በ1976 የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ይህን ሳያውቅ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ወሬያችን እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ስለ በዓሉ መጥፋት ሁላችንም እናወራለን። ተራኪው የመንግሥት ጋዜጠኛ መሆኑ ለታሪኩ ምን አደረገለት? ፕሮፓጋንዳ የሚያመርት ሰው እውነቱን ሲተርክ አንባቢ የቱን ይመን? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የደራሲው ሕይወት ይነገር፤ መጽሐፉ ከተነበበ በኋላ ይሁን።

ንድፈ ሐሳብም ጠላቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጻፉት ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ ንድፈ ሐሳቡን አስቀድመው ልብ ወለዱን እንደ ምሳሌ ይቆርጡታል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» እኛ ጋ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ግጥሙን ራሱን እየፈታ ስለሚያሳይ ነው።

የምርቃት አዘጋጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለታዳሚው አድሉ። ዳሳሹ ስለዚያ ገጽ ይናገር፣ ታዳሚው ይከራከረው። ደራሲው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቀድሞ ካወራ ሁሉም እሱን ይደግማል። ከምርቃቶቹ ጥቂቱን ደግሞ ወደዚህ አምጡት። አዳራሽ ባይኖረን ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል አናጣም። መጽሐፉን ብቻ ቀደም ብላችሁ ላኩልን፤ አንብበን እንጠብቃችኋለን።