ለጭላዳዋ አሳዳጊ የሚገባበት በር ይተውለት

ደብረ ሲና አካባቢ ባደግሁበት ቤት ደጃፍ አንዲት ጭላዳ ዝንጀሮ ታስራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ገብስ ሲጠብቅ እናቷ የሞተችባትን ግልገል አቅፎ አመጣትና ወተት በጣሳ እያጠጣ አሳደጋት። ይወዳት ነበር፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። ጭላዳ ግን ሣር በል ናት። በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ ሣሩን እየነጨች ስትለቅም ትውላለች። የወገቧ ጠፍር እስከሚያደርሳት ድረስ ያለውን ሁሉ ነጭታ ስትጨርስ ግቢያችን ውስጥ እንደ አውድማ የተላጨ ክብ መሬት ቀረ። ከክቡ ዳር ተቀምጣ እጇን ወደ ውጭው ሣር ትዘረጋለች፤ አንድ ስንዝር ይጎድላታል። እናቴ እንጀራ ስትወረውርላት እንጀራውን ይዛ ሣሩን ታያለች።

ይህን ያስታወሰኝ በአሜሪካ የዱር እንስሳት አሳዳሪዎች የቁጥጥር ሕግ ሲመጣባቸው ያሰሙት አቤቱታ ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ ዜንስቪል ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 አንድ ሰው ከ56 አደገኛ የዱር እንስሳቱ 50ውን ለቅቆ ራሱን አጠፋ። ፖሊሶች ሰው እንዳይበሉ በመስጋት አብዛኞቹን በጥይት ገደሉ፤ 18 ታይገሮች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ግዛቲቱ አደገኛ እንስሳ ያለው ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ዋስትና እንዲገባና በእንስሳው ቆዳ ሥር መለያ ቺፕ እንዲያስቀብር አዘዘች። አሳዳሪዎቹ ንብረታችን ተደፈረ ብለው ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 አልተቀበላቸውም።

ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ። አንበሳ እንደ ሰንጋ በሬ ንብረቴ ነው ማለት አያስኬድም፤ አጥር ሲሰበር የሚሞተው የጎረቤት ልጅ ነውና። ግቢዬ ውስጥ ማን ያዘኛል የሚለውም ለመንዝ ሰው እንግዳ ክርክር ነው። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ላይ አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ የራሳቸውን ከብት ከልክለው ኖረዋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ገበሬው ጥበቃውን በራሱ ደንብ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ስለዚህ ነው።

የአሳዳሪዎቹ አንድ ስጋት ግን ልብ ይነካል። ሕጉ ድንገት ከመጣ፣ በቅን ልቦና ያሳደገው ሰው እንስሳውን ወይ ይደብቀዋል ወይ ጫካ ይጥለዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 እንደ አንበሳና ታይገር ያሉ የትልልቅ ድመት አስተኔዎችን በግል መያዝ በአገር ደረጃ ስትከለክል ይህን አስባለች፦ ነባሮቹ ባለቤቶች እስከ ሰኔ 2023 ከተመዘገቡ እንስሳቸውን እንዲያቆዩ፣ ሌላ ግን እንዳይጨምሩ፣ እንዳያራቡም ተደረገ።

እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ከልክሏል፤ ክልከላውን እደግፋለሁ። ነገር ግን በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ግልገል ጭላዳ ያሳደገ ሰው ዛሬ ጸጸት ቢይዘው ወዴት ይወስዳታል? ከዱር የተነጠቁ እንስሳትን የሚቀበለው እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ያለው አዲስ አበባን አልፎ ሆለታ አጠገብ ነው። ወንድሜ ጭላዳዋን ከሕግ ሰዎች እንደደበቀ የኖረው ጨካኝ ስለነበረ አይደለም። ቢናገር እንደሚታሰር ሰምቷል፤ ቢለቃት መንጋው እንደማይቀበላት ያስባል። በሦስተኛው ክረምት በብርድ ሞተችበት፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ደጃፉን በጓሮ በር እየዞረ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይክፈት። ለስድስት ወር የመጣ አይከሰስ፤ እንስሳውን በባለሙያ ያስመርምር፣ ወደ ማዕከል የሚሄደው በመንግሥት መኪና ይሂድ። ከስድስት ወር በኋላ የደበቀ ይጠየቅ። ግልገል ከእናቷ ጉያ ነጥቆ ለገበያ የሚያቀርበው ነጋዴ ግን ስድስት ቀንም አይሰጠው።