ፍሪጁ ጋዝ ጨረሰ ወይስ ደብተር ያስፈልገናል?

ሰሞኑን ጎረቤት ቤት ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው፣ እስካሁንም አልበረደም። ብሎካችን ውስጥ ያለች አንዲት ሴትዮ የቤት ዕቃዋን ጥገና በደብተር እንደምትይዝ ነገረችን፣ ፍሪጁ አንድ ገጽ፣ ምጣዱ አንድ ገጽ፣ ቦይለሩ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ መቼ ተሠራ፣ ምኑ ተቀየረ፣ ማን ሠራው፣ ስንት ተከፈለ። አንዱ ሰውዬ ሳቀባት። «አንቺ ደግሞ ቤቱን መስሪያ ቤት አደረግሽው እኮ! ሲበላሽ ማሠራት ነው በቃ፣ ደብተር ፍሪጅ አያቀዘቅዝም» አላት።

«እሺ ያንተ ፍሪጅ ባለፈው ምኑ ነበር የተሠራው?»

«ጋዝ ሞላልኝ መሰለኝ።»

«ከዛ በፊትስ?»

ትንሽ አሰበና «እ... ጋዝ» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ጥገና ላይ የሠራ ልጅ አብሮን ነበርና እሱ ገባበት። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፣ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው አለ። የሚያፈስበት ቦታ ሳይፈለግና ሳይበየድ ዝም ብሎ ከተሞላ ወራት ቆይቶ ያው ይደገማል፣ አዲስ ሰሪ ሲመጣ ደግሞ ያለፈውን ስለማያውቅ እሱም «ጋዝ ነው» ብሎ ሞልቶ ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ፣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጋዙን ዓይነትና ስንት ግራም እንደሚወስድ ይናገራል፣ አር 134ኤ የሚለውና አር 600ኤ የሚለው አይቀላቀሉም፣ 600ኤው መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፣ እሳትም ይይዛል። ወረቀቱ ሳይላጥ ደብተሩ ላይ ገልብጡት አለን።

ሰውዬው ግን እጅ አልሰጠም፣ እውነት ለመናገር ጥሩ ነገር ነው ያነሳው። «ሰሪው ራሱ ያልቀየረውን ቀየርኩ እያለሽ ምኑን ነው የምትጽፊው? ውሸት ነው እኮ የምትመዘግቢው» አለ። እሷ ደግሞ አሮጌው ዕቃ እጇ ላይ ሳይገባ አትከፍልም፣ የምትጽፈውም ሰሪው እዛው ቆሞ እያለ ነው።

ከዛ ስለ ምጣዷ ነገረችን። ሶኬቱ በተደጋጋሚ እየቀለጠ በመጣ ቁጥር «ሶኬት ተቀየረ» ብላ ትጽፋለች፣ አንድ ቀን ገጹን ስታየው ከሶኬት በቀር ሌላ የተጻፈ የለም፣ ምጣዱ ተነክቶ አያውቅም። ለካ የምትሰካው ዲቫይደር ላይ ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ከሳበ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፣ ዲቫይደሩ ላይ የተጻፈው 10 ነው፣ እንዴት አይቅለጥ? ለብቻው ወፍራም ገመድ አስዘረጋችና ተገላገለች።

አንዷ ወጣት «ደብተር ምን ያደርጋል፣ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ ነው» ብላ ነበር፣ እኔን አላሳመነችኝም። ሰሪው የሚመጣው ባለ ስልኩ ሥራ ላይ እያለ ነው፣ በር የምትከፍተው ሠራተኛዋ ወይ እናት ናቸው፣ ደብተሩ ግን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አለ።

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሰሪዎች ይዋሻሉ የሚለው የሰውዬው ክርክር ለኔ ደብተሩን የሚደግፍ ነው፣ ያለፈው ጥገና ተጽፎ ያየ ሰሪ «ጋዝ ነው» ለማለት ሁለቴ ያስባል። ዋጋውን መጻፍ ብዙም አይታየኝም፣ በየጊዜው እየጨመረ ስለሆነ ያምና ዋጋ ለመከራከሪያም አይሆንም። ሰሪ የፈታውን ዕቃ ብቻ መጻፍ ይበቃል። እሷ ግን የልብስ ማጠቢያውን ፊልተር ያጸዳችበትን ቀን ሁሉ ትጽፋለች፣ እዛ ላይ ሰውዬው ቢስቅ አልፈርድበትም።