ሳን ኤስኮባርን የማያውቅ ማን አለ?

ሳን ኤስኮባር ስፓኒሽ ተናጋሪ ሪፐብሊክ ናት። ዋና ከተማዋ ሳንቶ ሱቢቶ ይባላል። ባንዲራ አላት፤ ከፖላንድ ጋርም የጠበቀ ወዳጅነት አላት። የጎደላት ነገር ቢኖር መሬት ብቻ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ሲሆን፣ አባቷ የያኔው የፖላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊቶልድ ቫሽቺኮቭስኪ ናቸው። ሰውየው ኒው ዮርክ የሄዱት ድምፅ ፍለጋ ነበር፤ አገራቸው በጸጥታው ምክር ቤት የተለዋጭ አባልነት ወንበር አምሯታል። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ቻይናም አንድ ድምፅ፣ በካርታ ላይ በመነጽር የምትፈለግ ደሴትም አንድ ድምፅ ነው ያላት። ድምፅ ፈላጊ ፊት ትንሽ አገር የለም። ሚኒስትሩ ሲጨባበጡ ከርመው ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ፣ በፖላንድ ዲፕሎማሲ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ካነጋገሯቸው አገሮች መካከል ቤሊዝንና ሳን ኤስኮባርን ጠቀሱ። ቤሊዝስ አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ መሥሪያ ቤታቸው ግን ማሸቱን ሞከረ። ሚኒስትሩ ሊሉ የፈለጉት ሴንት ኪትስና ኔቪስን ነው፤ በስፓኒሽ ሳን ክሪስቶባል ኢ ኒየቬስ ትባላለች አለ። ይህች አገር 261 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከእንግሊዝ ነጻ የወጣች፣ ያን ጊዜ ርእሰ ብሔሯ ንግሥት ኤልሳቤጥ የነበሩ የካሪቢያን ደሴት አገር ናት። ሕዝቧ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደሴት በፖላንዳዊ አፍ ስፓኒሽ ለብሳ የምትወጣው በምን ሒሳብ እንደሆነ የጠየቀ ሰው መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

መልስ የጠበቀም አልነበረ። የኢንተርኔት ቀልደኞች አገሪቱን ወዲያውኑ አቋቋሟት። «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ማዕረግ ሰጧት፤ ይህን ማዕረግ እኛም በደርግ ማብቂያ ላይ ለብሰነው ስለነበር ስፋቱን እናውቀዋለን። በትዊተር ገጿ ብቅ ብላ ለፖላንድ ዕጩነት ድጋፏን ገለጸች። ዋና ከተማዋን የሰየሙላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ፖላንዳዊው የሮማ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሲቀበሩ፣ «አሁኑኑ ቅዱስ ይባሉ» እያለ ሮም ላይ በጮኸው ሕዝብ ቃል ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር ጣሊያንኛ ዋና ከተማ ይዛ ብትገኝ ማንም አልከፋውም፤ የሌለ አገር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፣ ቅር የሚለው ዜጋ የለውም። የውኃ ወረፋም ሆነ የግብር ክርክር የለበትም። ባንዲራና የድጋፍ መግለጫ ካለው ሙሉ ነው።

ፖላንድም አላፈረችም። በዚያው በ2017 ጁን ላይ በ190 ድምፅ ተመርጣ በተከታዩ ዓመት ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠች።

እኔ በሚኒስትሩ አልስቅም። ቀኑን ሙሉ ሲጨባበጥ የዋለ ሰው ስም ቢያጣ ምን ይገርማል? ሠርግ ላይ ስንቱን ስሙን ሳናውቅ «እንዴት ነህ አንተ! ቤተሰብስ?» ብለን አቅፈን ስመን አሳልፈናል። የሚያስቀኝ የሚሰማው ወገን ነው። አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ወሬው ወደ ዓለም ፖለቲካ ሲዞር «ሳን ኤስኮባርም ሰሞኑን አልተረጋጋችም አሉ» ብዬ ጣል አደረግሁ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በእፍኛቸው የያዙትን ንፍሮ እያሻሹ ጥቂት አሰቡ።

«እነሱ ድሮም እንዲሁ ናቸው» አሉ።

«ነዳጁ ነው የሚያባላቸው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ነዳጅ አይደለም፣ ወርቅ ነው» ብሎ ሌላው አረመው፤ ሁለቱ ጥቂት ተከራከሩና ሁለቱም አለ በሚል ታረቁ። ካርታ ይጫወት የነበረ ጎረምሳ የአክስቱ ልጅ አሜሪካ የገባው በዚያ በኩል መሆኑን ነገረን። ድንኳኑ በአክብሮት ዝም አለ።

«የት አካባቢ ናት ግን?» አልኩ፤ መውጫ በር ልተውላቸው ብዬ ነበር።

ሽማግሌው በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። «ዜና አትከታተልም እንዴ፣ ልጄ?» አሉና ንፍሮውን ወደ አፋቸው ጣሉ። ጥቂት አላመጡና፣ ለፍርድ እንዳይቸኩሉ የፈሩ ይመስል፣ ጨመሩበት፤

«ሕዝቡ ግን እንግዳ ተቀባይ ነው።»