ልዩነቱ የላይሰንስ ዋጋ ብቻ አይደለም

ስለ ዳታቤዝ ክላስተሮች (ብዙ ሰርቨሮች ተባብረው እንደ አንድ ዳታቤዝ ሲሠሩ) ያነበብኩት ጽሑፍ የኦራክልን ክላስተር፣ ራክን (RAC)፣ ከክፍት ምንጭ ክላስተሮች ጋር ሲያወዳድር ጉዳዩን ሁሉ ወደ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ክፍያ ጠቅልሎታል። በዚህ አልስማማም። ትልቁ ልዩነት ዳታው የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ነው።

ራክ ላይ ብዙ ሰርቨሮች አንድ የጋራ ስቶሬጅ ይጠቀማሉ። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ስቶሬጁ ራሱ ከሄደ ግን ሁሉም አብረው ይቆማሉ። ዳታ ጋርድ የሚባለው የኦራክል የቅጂ መሣሪያ ተጨምሮ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ጋሌራ (ለMySQL እና ለMariaDB የሚሆን የክፍት ምንጭ ክላስተር) ላይ እያንዳንዱ ኖድ (ሰርቨር) የዳታውን ሙሉ ቅጂ ይይዛል። በጣም ደስ ይላል፤ ቁጥሩ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። ክላስተሩ ሥራውን ለመቀጠል አብላጫ ድምፅ ይፈልጋል፤ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኖዶች እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። 3 ኖድ ካለ የ1 መውደቅን ይችላል፣ 5 ካለ የ2። 2 ብቻ ከሆኑና በመካከላቸው ያለው ኔትወርክ ከተቆረጠ ግን ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ። «ሁለት ሰርቨር አለን፣ ምን እንሆናለን» የምትሉ እባካችሁ ይቺን አስቡባት።

ሌላው የተዘለለው አፕሊኬሽኑ ነው። ጋሌራ ላይ ሁለት ኖዶች በአንድ ጊዜ አንድ ረድፍ ቢቀይሩ፣ አንደኛው ኮሚት ሲያደርግ (ለውጡን ሲያጸድቅ) የዴድሎክ (የግጭት) ስህተት ይመለስለታል። ኮዱ እንደገና ካልሞከረ የደንበኛው ትእዛዝ ሳይመዘገብ ቀረ ማለት ነው። ይህን ዳታቤዙ አያስተካክልላችሁም፤ የፕሮግራመሩ ሥራ ነው።

ፖስትግሬስን (ሌላ የክፍት ምንጭ ዳታቤዝ) በፓትሮኒ (መሪው ሰርቨር ሲወድቅ ሌላ በሚተካ መሣሪያ) ለምታስኬዱም አንድ ነገር ልበል። ሪፕሊኬሽኑ (ዳታው ወደ ሌሎቹ ሰርቨሮች የሚገለበጥበት መንገድ) ካልነካችሁት አሲንክሮነስ ነው፤ ማለትም መሪው የሌሎቹን ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ይቀጥላል። መሪው ድንገት ከሞተ የመጨረሻዎቹ ግብይቶች አብረውት ሊጠፉ ይችላሉ። የገንዘብ ሥራ ከሆነ ሲንክሮነስ (ማረጋገጫ የሚጠብቅ) አድርጉት፣ ትንሽ ቢዘገይም።